የግል ኮሌጅ እውነተኛ ወጪ (ቦርደዴና ጭሮ)

እውነተኛ ወጪ ማለት ተማሪው ቅናሽ ወይም ነፃ የትምህርት ዕድል ካገኘ ያ ከተቀነሰለት በኋላ እስኪመረቅ ድረስ ከኪሱ የሚያወጣው ጠቅላላ ገንዘብ ነው። ማስታወቂያ ላይ የሚጻፈው የትምህርት ክፍያ የዚህ አንድ ክፍል ብቻ ነው። ከቦርደዴ ወጥቶ ጭሮ ወይም ድሬዳዋ ለሚማር ልጅ የቤት ኪራዩ፣ ቀለቡና መሳፈሪያው ከትምህርት ክፍያው ሊበልጥ ይችላል፤ ቅናሹ ደግሞ እነዚህን እምብዛም አይነካም።

ዋናው ማነጻጸሪያ ጭሮ የሚገኘው ኦዳ ቡልቱም ዩኒቨርሲቲ ነው። በወጪ መጋራት ደንቡ መሠረት የመንግሥት ተቋም ተማሪ የምግቡንና የመኝታውን ሙሉ ወጪ፣ ከትምህርቱም ቢያንስ 15 በመቶ ይሸፍናል። ነፃ የሚባለው የመንግሥት ትምህርት ነፃ አይደለም ማለት ነው። ሆኖም ዕዳውን ሥራ ከያዘ በኋላ፣ ከወር ገቢው ቢያንስ 10 በመቶ እየተቆረጠ መክፈል ይችላል። የግል ኮሌጅ ተማሪ ይህ ዱቤ የለውም፤ ጫት ወይም ከብት ሸጦ የሚያስተምር ቤተሰብ ገበያው ወደቀም ተነሣ ክፍያው በደረሰ ጊዜ መክፈል አለበት።

ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የመውጫ ፈተናን ያላለፈ ተማሪ ዲግሪ ስለማያገኝ የድጋሚ ፈተናው ጊዜም ከወጪው ይቆጠራል። ፈቃድ በሌለው ቅርንጫፍ የተከፈለ ገንዘብም ሊባክን ስለሚችል ከመክፈል በፊት ፈቃዱን ማጣራት ያስፈልጋል። የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን የእውቅና ፈቃድ የሚሰጠው ለየካምፓሱና ለየትምህርት መስኩ ነው፤ አዲስ አበባ ያለው ዋና ግቢ ፈቃድ ለጭሮ ቅርንጫፍ አያገለግልም።