የዛፍ እንቁራሪት ታሪክ፦ ከልጥ ማረፊያ እስከ መስታወት ሣጥን

የዛፍ እንቁራሪትን በቤት የማኖር ልማድ በአውሮፓ የቆየ ነው። በጀርመን ሰዎች የአገራቸውን አረንጓዴ እንቁራሪት ትንሽ መሰላል በቆመበት የመስታወት ማሰሮ ያስቀምጡ ነበር። መሰላሉን ስትወጣ ብራ፣ ወደ ውሃው ስትወርድ ዝናብ ይሆናል ይባል ነበር። ትንበያው አስተማማኝ አልነበረም፤ በጠባብ ማሰሮ መኖርም ለእንስሳዋ ጭካኔ ነበር። የሐሩር አገር ዝርያዎችን በሕይወት ለማቆየት መንገድ የከፈተው የለንደኑ ሐኪም ናታንየል ዋርድ ነው። ዋርድ በ19ኛው ክፍለ ዘመን እርጥበቱን ይዞ የሚቆይ የመስታወት ሣጥን ያስተዋወቀው ለዕፅዋት ብሎ ነበር፤ ዛሬ እንቁራሪት የሚያረቡ ሰዎች የሚጠቀሙበት ሣጥን የዚያ ልጅ ነው።

የኢትዮጵያ የዛፍ እንቁራሪቶች ግን ወደ አውሮፓ የገቡት በሕይወት ሳይሆን በአልኮል ጠርሙስ ነው። ጣሊያናዊው ሐኪም ቪንቼንዞ ራጋዚ በአንኮበር አቅራቢያ፣ በልጥ ማረፊያ በነበረው የጣሊያን ጂኦግራፊ ማኅበር ጣቢያ ሠርቷል። በሸዋ የተገኘችውን ዝርያ የለንደኑ ተመራማሪ ጆርጅ ቡላንዤ እ.ኤ.አ. በ1896 በራጋዚ ስም ሰየማት። በዓመቱ የአሳሹ የቪቶሪዮ ቦቴጎ ጉዞ በደም ተቋጨ፤ ቦቴጎ ወለጋ ውስጥ ተገደለ፣ ባልደረባው ላምበርቶ ቫኑቴሊ ተማረከ። የሰበሰቧቸው እንስሳት ግን ተርፈው ነበርና ቡላንዤ በ1898 ከእነዚሁ መካከል አንዷን ዝርያ በቫኑቴሊ ስም ጠራት። ከዚያ በኋላ ዋናው ሥራ የተመራማሪው የማልኮልም ላርገን ነው። ላርገን እ.ኤ.አ. በ1977 እነዚህ ሁለት ዝርያዎች የሚመደቡበትን የኢትዮጵያን የሌፕቶፔሊስ ወገን በአንድ ጥናት አሰባስቦ ሁለት አዳዲስ ዝርያዎችን ገለጸ፤ ከሁለቱ አንዷ፣ ያልደኒ የተባለችው፣ የጎጃም ደጋ ብቸኛ ሀብት ናት።

የወገኑ ጠባይ አስደናቂ ነው። ግራሚኔየስ የተባለችው የደጋ ዝርያ ዛፉን ትታ በሣር ሜዳ ትኖራለች፣ መሬትም ትቆፍራለች። የሌፕቶፔሊስ ሴቶች እንቁላላቸውን ውሃ ውስጥ ሳይሆን በውሃ ዳር ባለ እርጥብ አፈር ይቀብራሉ፤ የተፈለፈሉት ልጆች ዝናብ ሲመጣ ወደ ኩሬው ይገባሉ። ስለዚህ እነዚህን የሚያረባ ሰው ሣጥኑን ማርጠብ ብቻ አይበቃውም፤ አፈር ማስቀመጥ፣ ደረቁን ወቅት ማሳለፍ፣ ቀጥሎም ክረምቱን ማምጣት አለበት። ከዚህ ሌላ ያለው እንክብካቤ ለአብዛኞቹ የዛፍ እንቁራሪቶች አንድ ነው፦ ክሎሪን የሌለበት ውሃ፣ ካልሲየም የተነሰነሰባቸው ሕያዋን ነፍሳት፣ የሚወጡበት ቅርንጫፍ፣ የሌሊት ጨለማ። ቆዳቸው ውሃንም መርዝንም ስለሚመጥጥ በደረቅ ወይም በሳሙና በታጠበ እጅ መንካት ይጎዳቸዋል።

ለዚህ ሁሉ እንደ ቆቦ ያለ ቦታ ብርቱ ፈተና ነው። ቆቦ የሚገኝበት የራያ ሜዳ በ1,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለ ሞቃት ቆላ ነው፤ ገበሬው ከምዕራቡ ተራራ የሚወርደውን ጎርፍ ጠልፎ ማሳውን ያጠጣል። ደጋ የለመደች እንቁራሪት ወደዚህ ብትወርድ ድርቀቱ ብቻ ሳይሆን ሙቀቱም ይጎዳታል፤ ውሃ ቢረጭላትም ቅዝቃዜውን አያመጣላትም። የቆላ እንቁራሪቶች በአንጻሩ በጋውን ከመሬት በታች ተደብቀው የሚያልፉ ብዙ ናቸው፤ የራያን ክረምት መጠበቅ የሚችለው እንዲህ ያለው ፍጥረት ነው።

ብርቅዬ ዝርያን በሣጥን ማቆየት በዓለም ላይ ከባድ ትርጉም ያገኘው ቆዳ የሚያጠቃው ፈንገስ እንቁራሪቶችን መጨረስ ከጀመረ ወዲህ ነው። በፓናማ እ.ኤ.አ. በ2005 የተያዘ አንድ የዛፍ እንቁራሪት በአትላንታ የዕፅዋት ማዕከል ኖሮ በ2016 ሞተ፤ የዝርያው የመጨረሻ የታወቀ አባል እርሱ ነበር። ይኸው ፈንገስ በኢትዮጵያ ደጋዎችም ተገኝቷል። በዚህ ላይ የታመመ የውጭ እንስሳ ማስገባት ለባሌና ለጎጃም እንቁራሪቶች እውነተኛ አደጋ ነው። በአገሪቱም የዱር እንስሳት አያያዝና ንግድ ፈቃድ የሚጠይቅ ነው።