የልብ ትል፦ ደጋ የሚኖር ውሻ ቆላ ሲወርድ

ቆላና ደጋን መለየት ለኢትዮጵያዊ አዲስ ትምህርት አይደለም። አያቶቻችን ወባን ሸሽተው ከፍ ያለ ቦታ ላይ ሲሰፍሩ ቢምቢ በሽታ እንደምታስተላልፍ የነገራቸው ሐኪም አልነበረም። ቆላ ወርዶ የከረመ ሰው ታሞ እንደሚመለስ ግን ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። ቢምቢ ወደ ውሻና ድመት የምታስተላልፈው የልብ ትልም በዚሁ የከፍታ ሕግ የሚገዛ ነው።

ከኮተቤ እስከ ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ በየካ ክፍለ ከተማ ውሻ የሚያሳድገው ሰው ቁጥር ጥቂት አይደለም። ስለ ልብ ትል ያነበበው አንዱ ደንግጦ የከብት መድኃኒት ገዝቶ ውሻውን ይወጋል። ሌላው "እኛ ያለነው ደጋ ነው" ብሎ ጉዳዩን እርግፍ አድርጎ ይተዋል። ሁለቱም መንገዶች ዋጋ ያስከፍላሉ።

በሽታው ምንድን ነው?

የልብ ትል በሳይንሳዊ መጠሪያው ዲሮፊላሪያ ኢሚቲስ ይባላል። ክር የመሰለ ነጭ ትል ሲሆን ሴቷ እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ትረዝማለች። የሚኖረው ከልብ ወደ ሳንባ ደም በሚወስዱት ቧንቧዎች ውስጥ ነው፤ ቁጥሩ ሲበዛ ወደ ልብ ቀኝ ክፍል ይዘልቃል። ሴቷ ትል በዓይን የማይታዩ እጮቿን ወደ ውሻው ደም ትለቃለች። ቢምቢ ደሙን ስትመጥ እጮቹን አብራ ትወስዳለች፤ በሰውነቷ ውስጥ ካደጉ በኋላ ሌላ ውሻ ስትነድፍ ታስተላልፋቸዋለች። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1900 ግራሲና ኖዌ የተባሉ ጣሊያናውያን ተመራማሪዎች የቢምቢን ድርሻ አረጋግጠዋል። ትሉ ውሻ ውስጥ ገብቶ እጭ መጣል እስኪጀምር ከ6 እስከ 7 ወር ይፈጅበታል፤ ከዚያ በኋላ ከ5 እስከ 7 ዓመት ይኖራል። ሳል፣ ቶሎ መድከም፣ መክሳት፣ ሲብስም የሆድ ማበጥ ምልክቶቹ ናቸው። በጥቂት ትል የተያዘ ውሻ ግን ለረጅም ጊዜ ጤነኛ ሊመስል ይችላል።

የሚወስነው ሙቀቱ ነው

እጩ ቢምቢዋ ውስጥ የሚያድገው ሙቀት ሲያገኝ ብቻ ነው። የአየሩ ሙቀት ከ14 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ሲሆን እድገቱ ይቆማል። ተመራማሪዎች ከ14 ዲግሪ በላይ ያለውን የየዕለቱን ትርፍ ሙቀት ይደምራሉ፤ ድምሩ ቢምቢዋ በሕይወት በምትቆይበት 30 ቀን ገደማ ውስጥ 130 ካልደረሰ እጩ ለመተላለፍ አይበቃም።

ይህን ስሌት ወደ ሰፈራችን እናምጣው። አዲስ አበባ በ2,355 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ አማካይ ሙቀቷ ከ16 እስከ 17 ዲግሪ ይጠጋል። 3 ትርፍ ዲግሪ በ30 ቀን ሲባዛ 90 ብቻ ነው። እንጦጦ 3,000 ሜትርን አልፎ ስለሚወጣ ከዚህም የበለጠ ይቀዘቅዛል። በአንጻሩ አማካይ ሙቀቱ 21 ዲግሪ በሆነ ቦታ 130 የሚሞላው በ19 ቀን ነው። ሰዎች በየቅዳሜና እሑዱ ውሻቸውን መኪና ላይ ጭነው የሚወርዱት ደግሞ ወደ አዳማ፣ ወደ ሐዋሳና ወደ ላንጋኖ ነው።

ስሌቱ የማይነካ ዋስትና አይደለም። ቢምቢ የምታርፍበት ቤት ውስጥ ከውጪው ይሞቃል፤ የበልግ ወራትም ከክረምቱ የበለጠ ሞቃት ናቸው። በሽታው ከውሻ ጋር እንደሚጓዝ ደግሞ የአሜሪካ ተሞክሮ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ2005 ካትሪና የተባለው አውሎ ነፋስ ካለፈ በኋላ ከሞቃታማው ደቡብ የተነሱ በርካታ ውሾች ወደ ሌሎች ክፍላተ ሀገር ሲወሰዱ የልብ ትልም አብሯቸው ሄዷል።

ድመትስ?

ድመት የትሉ ተፈጥሯዊ ማደሪያ ስላልሆነች አብዛኛዎቹ እጮች ሰውነቷ ውስጥ አድገው አይጨርሱም። ሆኖም አንድ ወይም ሁለት ትል ብቻ እንኳን አስም የሚመስል የመተንፈስ ችግር፣ አንዳንዴም ድንገተኛ ሞት ሊያስከትል ይችላል። ለውሻ የሚሰጠው ትል ገዳይ መርፌ ሜላርሶሚን ለድመት አይሆንም። ስለዚህ ለድመት ያለው አማራጭ መከላከል ነው።

ከፍርድ በፊት ማስረጃ

ደም ውስጥ የታየ እጭ ሁሉ የልብ ትል አይደለም። በቁንጫ የሚተላለፍ፣ እምብዛም ጉዳት የማያደርስ ሌላ ትል ተመሳሳይ እጭ አለው። ቁንጫ ደግሞ ደጋ ቆላ አይልም። በቢምቢ የሚተላለፈው ዲሮፊላሪያ ሬፔንስ የተባለው ዘመዱ ከቆዳ ሥር የሚኖር ሲሆን ሰውንም አልፎ አልፎ ይይዛል። ስለሆነም በማይክሮስኮፕ የታየው እጭ በአንቲጅን ምርመራ ሊደገፍ ይገባል። አንቲጅን ምርመራው የሚይዘው በዋናነት ያደገች ሴት ትልን ስለሆነ ከሐዋሳ በተመለሱ ማግስት ማስመርመር ትርፉ የውሸት መጽናናት ነው፤ ከ6 እስከ 7 ወር መጠበቅ ያስፈልጋል።

ከሁሉ የከፋው በግምት መውጋት ነው። አይቨርመክቲን ለመከላከያ ሲሰጥ መጠኑ ለ1 ኪሎ ክብደት 6 ማይክሮ ግራም ነው፤ 20 ኪሎ የሚመዝን ውሻ 120 ማይክሮ ግራም ይበቃዋል። 1 በመቶ የሆነው የከብት መርፌ በ1 ሚሊ ሊትር ውስጥ 10,000 ማይክሮ ግራም ይዟል፤ ይህ ከሚያስፈልገው ከ80 እጥፍ በላይ ነው። በዘር የመድኃኒቱን ከፍተኛ መጠን የማይችሉ ውሾች አሉ፤ ኮሊ በዚህ ይታወቃል፣ አንዳንድ ጀርመን ሼፐርዶችም ችግሩ አለባቸው። ደሙ በእጭ የተሞላ ውሻም እጮቹ በአንዴ ሲሞቱ ራሱን ሊስት ይችላል።

ምን ይደረግ?

ከእንጦጦና ከየካ የማይወጣ ውሻ ስጋቱ ዝቅተኛ ነው። ቆላ የሚወርድ ወይም ከቆላ የመጣ ውሻ ካለዎት ለእንስሳት ሐኪም ይንገሩ። በየወሩ የሚሰጠው መከላከያ ባለፈው አንድ ወር የገቡትን እጮች ስለሚገድል ከጉዞ በተመለሱ 30 ቀን ውስጥ መሰጠት አለበት፤ በሐኪም ምክርም ለቀጣይ ወራት ይቀጥላል። በሽታው ከያዘው ግን ሕክምናው ወራት ይፈጃል፤ የሞተ ትል የሳንባን ደም ቧንቧ እንዳይዘጋ ውሻው ከሩጫ ታቅቦ መክረም ይኖርበታል። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው።

ገንዘቡ ለአንድ ነገር ብቻ የሚበቃ ከሆነ ግን ቅድሚያው ለልብ ትል አይደለም። ለአዲስ አበባ ውሻና ለባለቤቱ ቤተሰብ ትልቁ አደጋ የእብድ ውሻ በሽታ ነው፤ ምልክቱ ከታየ በኋላ ሰውን የሚያድን ሕክምና የለም ማለት ይቻላል። ክትባቱን በጊዜው ያላስከተበ ሰው ስለ ልብ ትል ከመጨነቁ በፊት እሱን ያስቀድም።