"በረዶው ገና ትንሽ ነው፣ ምን ያመጣል?" አትበሉ

#ጥንቃቄ #የበረዶ_ናዳ

ዴንቨር፣ አውሮራና አካባቢው ያላችሁ ቤተሰቦቻችን፣ የኮሎራዶ ከፍተኛ ተራሮች ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ በረዶ መልበስ ይጀምራሉ። ለፎቶም፣ ለእግር ጉዞም፣ ለሸርተቴም ወደ ላይ የሚወጣው ሰው ይበዛል።

ግን በረዶው ትንሽ ነው ማለት አደጋው ትንሽ ነው ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2017፣ ቅዝቃዜው በቅጡ ሳይገባ፣ ሞንታና ውስጥ የበረዶ ናዳ የሰው ሕይወት ቀጥፏል።

❓ ለምን ይናዳል?

የመጀመሪያው በረዶ ስስ ነው። ሥሩ ያለው መሬት ሙቀት እንደያዘ ነው፤ ላዩ ያለው አየር ደግሞ በጣም ይቀዘቅዛል። በዚህ ልዩነት የተነሳ የበረዶው ቅንጣቶች መያያዛቸውን ትተው እንደ ስኳር ይበታተናሉ። በተለይ ፀሐይ በማያገኘው፣ ወደ ሰሜን በዞረ ተዳፋት ላይ።

ከዚያ አዲስ በረዶ ይጥላል፣ ነፋስም ይከምርበታል። ላዩ ጠጣር ሰሌዳ፣ ሥሩ ግን ስኳር! ሰው ሲረግጠው ሥሩ ይከዳል፣ ላዩ ተሰንጥቆ ይንሸራተታል። ናዳ ከሚገድላቸው አብዛኞቹን የሚይዛቸው ራሳቸው ወይም አብሯቸው ያለ ሰው የቀሰቀሰው ናዳ ነው።

ድንጋዩና ግንዱም ገና በደንብ አልተሸፈነም። ትንሽ ናዳ እንኳን ሰውን ወስዶ ከድንጋይ ጋር ያላትማል።

✅ ከመውጣታችሁ በፊት

🔹 የኮሎራዶ የበረዶ ናዳ መረጃ ማዕከልን የዕለቱን ትንበያ በስልካችሁ እዩ። ደረጃው ከ1 እስከ 5 ነው። 3 ሲባል "መሃል ነው፣ ችግር የለውም" እንዳትሉ፤ ሰው ናዳ ሊቀሰቅስ የሚችልበት ዕድል ሰፊ ነው ማለት ነው።
🔹 ናዳ በብዛት የሚነሳው ከ30 እስከ 45 ዲግሪ በሚያዘነብል ተዳፋት ላይ ነው። እናንተ ሜዳ ላይ ብትሆኑም ከበላያችሁ ያለውን ተመልከቱ።
🔹 ገና ያልተከፈተ የሸርተቴ ቦታ "የታወቀ ነው" ተብሎ አይገባበትም። ናዳውን አስቀድሞ የሚያጸዳ ሠራተኛ የለም።
🔹 ምልክት መላኪያና መቀበያ መሣሪያ (ትራንሲቨር)፣ መፈለጊያ ዘንግና አካፋ እያንዳንዱ ሰው ይያዝ። መሣሪያው በርቶ ሰውነት ላይ ይታሰር። አጠቃቀሙን ቀድማችሁ ተለማመዱ።

🚨 ወዲያው የሚያስመልሱ ምልክቶች

▪️ ከእግር ሥር "ዉምፍ" የሚል ድምፅ
▪️ ስትረግጡ የሚሮጥ ስንጥቅ
▪️ በአቅራቢያው በቅርቡ የወረደ ናዳ

⏱ ሰው ከተቀበረ

መጨረሻ የታየበትን ቦታ በዓይናችሁ ያዙ። ሌላ ናዳ እንደማይመጣ አይታችሁ ወዲያው ፈልጉ። ኔትወርክ ካለ 911 ደውሉ፤ እርዳታ ፍለጋ ብላችሁ ግን ቦታውን ጥላችሁ አትሂዱ። ከ10 እና 15 ደቂቃ በኋላ በሕይወት የመገኘት ዕድል በፍጥነት ይቀንሳል። የነፍስ አድን ቡድን እስኪደርስ ያን ሰው ማውጣት የሚችሉት አብረውት ያሉት ብቻ ናቸው።

ለዚህ ነው ብቻችሁን የማይወጣው።

ተራራ ለሚወድ ጓደኛችሁ አጋሩ 🙏