ከትንሹ አቃቂ እስከ ቆቃ፦ የከተማ ወንዝና የዓሣ ማዕድ ታሪክ

ንፋስ ስልክ ላፍቶ የአዲስ አበባ ክፍለ ከተማ ሆኖ ከመዋቀሩ ከብዙ ዘመን በፊት የአካባቢውን መልክ ይወስን የነበረው ወንዙ ነው። ትንሹ አቃቂ ከከተማዋ ምዕራባዊና ሰሜን ምዕራባዊ ከፍታዎች ተነሥቶ፣ ምዕራባዊ ሠፈሮቿን አቋርጦ፣ በመካኒሳና በላፍቶ በኩል ወደ ደቡብ ይወርዳል፤ በአባ ሳሙኤል ግድብ ከትልቁ አቃቂ ጋር ከተገናኘ በኋላም ወደ አዋሽ ገብቶ እስከ ቆቃ ሐይቅ ይዘልቃል። በዚህም የተነሣ ከባሕር ርቆ በደጋ ላይ የሚገኘው ይህ ክፍለ ከተማ በዓሣና በሜርኩሪ ታሪክ ውስጥ ሁለት ቦታ ይዟል፤ በአንድ በኩል ከሐይቆች የሚመጣውን ዓሣ ይመገባል፣ በሌላ በኩል ደግሞ የራሱ ፍሳሽ ዓሣ ወደሚጠመድበት ውኃ ይወርዳል።

በዚህ ቁልቁለት ላይ ያሉት ውኃዎች የተገደቡት ለዓሣ ተብሎ አልነበረም። አባ ሳሙኤል በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1939፣ 6.6 ሜጋ ዋት ኃይል እንዲያመነጭ ሆኖ የተጠናቀቀ ሲሆን፣ ለበርካታ ዓመታት ሥራ አቁሞ ከቆየ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2016 በቻይና እገዛ ታድሶ ዳግመኛ ኃይል መስጠት ጀምሯል። ኮመን ካርፕ የተባለው የውጭ አገር ዓሣም እ.ኤ.አ. በ1940 አካባቢ ወደ ኢትዮጵያ ገብቶ የተለቀቀው በዚሁ ሐይቅ ነው። ጣሊያን በከፈለችው የጦር ካሳ የተሠራው የቆቃ ግድብ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1960 ተጠናቀቀ፤ ከግድቡ በስተጀርባ የተንጣለለው ሐይቅም ብዙ ሳይቆይ ለአጥማጆች መተዳደሪያ፣ ለአዲስ አበባ ገበያ ደግሞ የዓሣ ምንጭ ሆነ። ግድብ ግን ውኃን ብቻ ሳይሆን ውኃው ተሸክሞ ያመጣውን ጭምር ያቆማል፤ ከከተማው የወረደው ደለልና ከደለሉ ጋር የተጣበቀው ብረት በሐይቁ ወለል ላይ ይረጋል፤ የታሪኩም ከባዱ ክፍል የሚጀምረው ከዚያ ነው።

ትንሹ አቃቂን የከተማዋ ዋና የፍሳሽ መውረጃ ያደረገው አንድ ውሳኔ ሳይሆን ቀስ በቀስ የተከማቸ ልማድ ነው። የቆዳ ፋብሪካዎች፣ የእርድ ቤት፣ የመጠጥና የቀለም ፋብሪካዎች ውኃ ስለሚያስፈልጋቸው በወንዙና በገባሮቹ አቅራቢያ ተተከሉ፤ ያገለገለውን ውኃም ወደዚያው መለሱት። ቆሼ በሚል ስም የሚታወቀው የረጲ የቆሻሻ መጣያ ከክፍለ ከተማው ምዕራባዊ ዳርቻ አጠገብ ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ሲከመር ቆይቶ፣ ከክምሩ የሚንጠባጠበው ጥቁር ፍሳሽም መንገዱ ወደዚሁ ወንዝ ሆነ። በመካኒሳ፣ በፉሪና በቄራ አካባቢ ያሉ አትክልት አምራቾች ደግሞ በዚህ ውኃ ሰላጣ፣ ቆስጣና ጎመን እያለሙ ከተማዋን መግበዋል። ፍስሐ ኢታና እ.ኤ.አ. በ2002 በኢትዮጵያ የጤና ልማት መጽሔት ያሳተሙት ጥናት በአዲስ አበባ የሚመረቱ ቅጠላ ቅጠሎች በውስጣቸው የያዙትን ብረት በመመርመር ጉዳዩን ከሐሜት አውጥቶ ወደ ልኬት አምጥቶታል። የአምራቾቹን ድካም ለሚያውቅ ሰው ይህ መራራ እውነት ነው፤ ውኃውን የበከሉት እነርሱ አይደሉምና።

በወንዙ ላይ ከተደረጉ ምርምሮች አብዛኞቹ ያተኮሩት ከቆዳ ፋብሪካ በሚወጣው ክሮሚየም፣ በእርሳስና በካድሚየም ላይ ነው። በቀድሞው አማርኛ ባዜቃ የሚባለው ሜርኩሪ ግን ከእነዚህ የሚለይበት ጠባይ አለው። በተለመደው የአየር ሙቀት ፈሳሽ ሆኖ የሚገኝ ብቸኛው ብረት ነው፤ ከተሰበረ ቴርሞሜትርና የደም ግፊት መለኪያ፣ ከጥርስ ሙሌት፣ ከፍሎረሰንት አምፖል፣ ከአንዳንድ የቆዳ ማንጫ ቅባቶችና ከሚቃጠል ቆሻሻ ይወጣል፤ በምዕራብና በደቡብ ኢትዮጵያ ደግሞ በባህላዊ የወርቅ ማውጫዎች ወርቅን ከአፈር ለመለየት ይውላል። ኦክስጅን በሌለበት ደለል ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ይህን ብረት ወደ ሜቲል ሜርኩሪ፣ ማለትም በሕያው አካል ሥጋ ውስጥ በቀላሉ ወደሚሰርግ ውሕድ፣ ይለውጡታል። ውሕዱ ከአልጌ ወደ ጥቃቅን ነፍሳት፣ ከእነርሱ ወደ ትናንሽ ዓሦች፣ ከእነዚያም ትናንሾቹን ወደሚበሉት ዓሦች ሲሻገር በየደረጃው እየተከማቸ ስለሚሄድ፣ በውኃው ውስጥ ለመለካት የሚያስቸግር መጠን በአዳኝ ዓሣ ሥጋ ውስጥ ለጤና የሚያሰጋ ይሆናል። አዲስ የተገደበ ሐይቅ መሬት ሲያጥለቀልቅም የሰጠመው ዕፅዋት ባክቴሪያዎቹን ስለሚመግብ የዓሦቹ ሜርኩሪ ለዓመታት ከፍ ብሎ መቆየቱ በሌሎች አገሮች ታይቷል።

ዓለም ይህን የተማረው በከባድ ዋጋ ነው። በጃፓን ሚናማታ ከተማ አንድ የኬሚካል ፋብሪካ እ.ኤ.አ. ከ1932 እስከ 1968 ሜርኩሪ ያለበትን ፍሳሽ ወደ ባሕር ወሽመጡ ሲለቅ ቆየ፤ እ.ኤ.አ. በ1956 በሽታው በይፋ ሲታወቅ የዓሣ አጥማጆች ቤተሰቦች እጅና እግራቸው እየተንቀጠቀጠ፣ ዓይናቸው እየፈዘዘ፣ ንግግራቸው እየተሳሰረ ነበር፤ ጤነኛ ከሚመስሉ እናቶችም የአንጎል ጉዳት ያለባቸው ልጆች ተወለዱ። እ.ኤ.አ. በ2013 የተፈረመው ዓለም አቀፍ የሜርኩሪ ስምምነት በዚህች ከተማ ስም መጠራቱ ለእነርሱ መታሰቢያ ነው።

በኢትዮጵያ ስለ ዓሣና ሜርኩሪ ከሚታወቁት ጥናቶች ቀዳሚ ሥፍራ የሚሰጠው የሐዋሳ ሐይቅ ጥናት ነው። ዘሪሁን ደስታ ከኢትዮጵያውያንና ከኖርዌያውያን ባልደረቦቻቸው ጋር ሠርተው እ.ኤ.አ. በ2006 እና በ2007 ያሳተሟቸው ጽሑፎች የሐይቁን ዋና ዋና ዓሦች፣ ማለትም ቆሮሶን፣ አምባዛንና ቢልጫን፣ እንደ አመጋገባቸው እያነጻጸሩ መርምረዋል። በዋናነት አልጌ የሚበላው ቆሮሶ አነስተኛ ሜርኩሪ ሲይዝ፣ ቢልጫ ግን አመጋገቡን ወደ ዓሣ ሲያዞር በሥጋው የሚገኘው ሜርኩሪ በእጅጉ ከፍ ይላል። አምባዛ እንደ ሌሎች አዳኞች ብዙ ሜርኩሪ ይይዛል ተብሎ ቢጠበቅም ከተጠበቀው በታች ሆኖ መገኘቱ፣ ዓሣ ዓሣ በላ መሆኑ ብቻ ሳይሆን ምን ዓይነት ዓሣ እንደሚበላም ወሳኝ መሆኑን ያመለክታል። ከማንኛውም ጥቅል ማስፈራሪያ ይልቅ ለሸማች የሚጠቅመው ይህ ግኝት ነው፤ ምክንያቱም አደጋውን «ከዓሣ» በጅምላ ወደ አንድ ዓይነት፣ ወደ አንድ ሐይቅና ወደ አንድ የዓሣ መጠን ያወርደዋል።

የአዲስ አበባ የዓሣ ገበያ ከጾም ጋር ተሳስሮ ያደገ ነው። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው የቆየ ክርክር እንዳለ ሆኖ፣ በዐቢይ ጾም የከተማዋ የዓሣ ፍላጎት ከሌላው ጊዜ ይልቅ ይጨምራል። የቀይ ባሕር ወደቦች በኢትዮጵያ ሥር በነበሩበት ዘመን ከባሕር የሚመጣ ዓሣም ነበር፤ ከኤርትራ ነፃነት በኋላ ግን ገበያው ከሞላ ጎደል በዝዋይ፣ በጫሞ፣ በሐዋሳ፣ በቆቃና በጣና ላይ ቀረ። ለረጅም ዘመን ዋናው አከፋፋይ የመንግሥቱ የዓሣ ምርትና ገበያ ድርጅት ሲሆን፣ ኋላ ላይ የግል ነጋዴዎች በበረዶ እያሸጉ በመኪና ማመላለሱን ተረከቡ። ገዢው የዓሣውን ዓይን ጥራት፣ የስንጥቡን ቅላትና ሽታውን ማየት በዚህ ገበያ ተምሯል፤ እነዚህ ምልክቶች ትኩስነትን እንጂ ሜርኩሪን አይናገሩም፤ መጥበስም መቀቀልም አያስወግደውም።

ልኬቱ በአኃዝ ሲታይ ነገሩ ይገለጣል። የዓለም የምግብና የጤና ድርጅቶች የጋራ የባለሙያዎች ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2003 ያስቀመጠው የሜቲል ሜርኩሪ ጣሪያ በሳምንት ለአንድ ኪሎ ግራም የሰውነት ክብደት 1.6 ማይክሮ ግራም ነው። ስድሳ ኪሎ የምትመዝን ነፍሰ ጡር በዚህ ሒሳብ በሳምንት ከ96 ማይክሮ ግራም መብለጥ የለባትም፤ በኪሎ 0.5 ሚሊ ግራም ከያዘ ዓሣ ይህን ጣሪያ የምትደርስበት 192 ግራም ስትበላ፣ ማለትም ከአንድ ደህና ምሳ ብዙም ባልራቀ መጠን ነው። አሥር እጥፍ ያነሰ ሜርኩሪ ከያዘ ዓሣ ግን ሁለት ኪሎ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ትበላለች፤ ለፅንሱ አንጎል ዕድገት የሚያስፈልገውን የዓሣ ቅባትና ፕሮቲንም ያለ ስጋት ታገኛለች። ስለዚህ ዓሣን ፈጽሞ ተው ማለት ራሱ ጉዳት ነው።

የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ፍሳሽ የሚለቅን ይመለከታል፤ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 የአሠጋገርን ሥርዓት፣ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ደግሞ የምግብ ደኅንነትን ይመለከታሉ። በሦስቱ መካከል ያለው ክፍተት የሚታየው በመሸጫው ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ዓሣው ተገፍፎ፣ አጥንቱ ወጥቶ ፊሌቶ ሲሆን ቆሮሶም ቢልጫም አምባዛም የሥጋ ቁራጭ ብቻ ሆነው ይቀርባሉ፤ ከየትኛው ሐይቅ እንደመጡም አይታወቅም። ገዢዋ ልትመርጥበት የምትችለው ብቸኛ መረጃ የሚጠፋው በቢላዋው ሥራ በመሆኑ፣ የዓሣው ዓይነትና የመጣበት ሐይቅ በሽያጭ ቦታው በጽሑፍ እንዲገለጽ ማድረግ ወንዙ እስኪጸዳ ድረስ የማይጠበቅለት ሥራ ነው።