የአናናስ ሳልቪያ አተካከልና አያያዝ

የአናናስ ሳልቪያ መገኛው የሜክሲኮና የጓቲማላ ደጋማ ደኖች ሲሆን፣ ለጌጥም ለምግብም የሚውል ተክል ነው። ቁመቱ ከ1 ሜትር በላይ ያድጋል፤ ቀኑ ማጠር ሲጀምርም ቀያይ አበቦች ያወጣል።

ተክሉ ፀሐይና ውኃ የማይቋጥር አፈር ይስማማዋል። ለማባዛት አበባ ያልያዘ የቅርንጫፍ ጫፍ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ቆርጦ፣ የታችኛዎቹን ቅጠሎች በማንሳት በእርጥብ አፈር መትከል ይቻላል። ውርጭ ከመሬት በላይ ያለውን ክፍል ስለሚያደርቀው፣ ውርጭ በሚያጠቃው አካባቢ በሳሎን የአበባ ማስቀመጫ ተክሎ በብርድ ወቅት ወደ ቤት ማስገባት ይገባል።

ለጋ ቅጠሉ ለሻይ፣ አበባው ለሰላጣ ይውላል። ይሁን እንጂ ቀይ አበባ ያለው ሳልቪያ ሁሉ ለምግብነት አይሆንም። የዚህኛው ቅጠል ሲታሽ የአናናስ ሽታ ይሰጣል። ምንነቱ በውል ያልተረጋገጠን ወይም ፀረ ተባይ የተረጨን ተክል ግን መመገብ አይገባም።