ሦስት ትውልድ ባንድ ገበታ፦ የራያ ቆላ ስለ መንግሥትና ስለ ሀብት ያየው



  ዛሬ የምናነሳው ጉዳይ በብዙዎቻችን ቤት ያለ ነው።

በቆቦና በራያ ቆላ መንደሮች አያት፣ አባትና ልጅ ባንድ ገበታ ዙሪያ ይቀመጣሉ። ልጁ «በሬው ይሸጥልኝና ሳዑዲ ልሂድ» ይላል። አባት «መሬት እያለን የት ትሄዳለህ?» ይለዋል። አያት ሁለቱንም ያዳምጡና «ከሹምም ከደላላም አላህ ይጠብቀን» ብለው ዝም ይላሉ። ክርክሩ ስለ አንድ በሬ ይመስላል። ነገር ግን እያንዳንዳቸው የሚናገሩት ያሳለፉትን ዘመን ይዘው ነው። እስቲ የሦስቱንም ዘመን በተራ እንመልከት።

የአያቶች ዘመን

አያቶቻችን ስለ መንግሥት የሰሙት ከአባቶቻቸው ነው። የራያና የአዘቦ ሕዝብ በ1921 እና በ1922 ዓ.ም. ዐምፆ ጦር ዘምቶበታል። በ1935 ዓ.ም. ደግሞ ቀዳማይ ወያኔ በሚባለው ዓመፅ ከተሳተፉት መካከል የራያ ገበሬዎች ነበሩበት። ዓመፁን ለማብረድ በ1936 ዓ.ም. መጀመሪያ የእንግሊዝ አውሮፕላኖች ጭምር መቀሌን ደበደቡ። ይህን እየሰማ ያደገ ትውልድ መንግሥትን የሚያውቀው በግብር ሰብሳቢና በወታደር ነው። «ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ» የሚለው ተረትም የዚያ ዘመን የፖለቲካ ትምህርት ነበር። ሀብት ማለት ከብት ነው፤ ክፉ ቀን ሲመጣ ከብት ተነድቶ ይሸሻል፣ መሬት ግን አይነዳም።

ከዚያ የ1965 እና የ1966 ዓ.ም. ረሀብ መጣ። የወሎ ሕዝብ ከብቱ አልቆበት ወደ አውራ ጎዳናው ፈለሰ። ይህን ረሀብ ያጠኑት የኢኮኖሚ ምሁር አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተሙት መጽሐፍ አንድ የሚያስደነግጥ ነገር አሳይተዋል። ሰው እየረገፈ በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ ያን ያህል አልናረም፤ እንዲያውም ከወሎ ወደ ሌላ ቦታ የወጣ እህል ነበር። ገበሬው ምርቱና ከብቱ ሲጠፋ መግዣ አጣ። መግዣ የሌለው ሰው ገበያ ላይ ቢጮህም ገበያው አይሰማውም።

አያቶች ከሹም ምንም አለመጠበቅን የተማሩት እንዲህ ነው። ቢሆንም ከዚያው ትውልድ ዝም ያላሉ ነበሩ። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ከመቶ ሺህ በላይ ሕዝብ የሙስሊሞችን እኩልነት ጠይቆ ሰልፍ ወጣ፤ ክርስቲያን ወገኖቻችንም አብረው ተሰለፉ። ንጉሥ እንደሚጠየቅ በአደባባይ የታየበት ቀን ነበር።

የአባቶች ዘመን

አባቶቻችን ሲያድጉ መንግሥት ሁለት እጅ ነበረው። በአንዱ ሰጠ፣ በሌላው ወሰደ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው አዋጅ የገጠርን መሬት ከባለርስት ነጥቆ ለአራሹ አደረገ። የኢድ በዓሎቻችንም በአገር ደረጃ የሚከበሩ ሆኑ። ለዚህ ትውልድ መሬት ክብሩ ነው፤ «መሬት ይዘህ የት ትሄዳለህ?» ቢል አይፈረድበትም።

በሌላው እጅ ግን ገበሬው እህሉን መንግሥት በቆረጠው ዋጋ በኮታ እንዲያስረክብ ተገደደ። በ1975 ዓ.ም. የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ወጣ፣ ወጣቱ ከገበያና ከማሳ እየታፈሰ ተወሰደ። በ1977 ዓ.ም. ረሀብ ከኛ ቆላ በላይ ባለችው በኮረም የተሰበሰበውን ሕዝብ ዓለም በቴሌቪዥን አየው። ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ ሰው ከወሎ፣ ከትግራይና ከሌሎችም አካባቢዎች ተነሥቶ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ሰፈረ። ከነዚህ ብዙዎቹ ወደው አልሄዱም። ስለዚህ አባት መሬቱን ይወዳል፣ ስለ ፖለቲካ ሲነሳ ግን ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ልጁ ይህን ፍርሃት ይለዋል፤ አባት ግን የታፈሱትን እኩዮቹን ያስታውሳል።

የልጆች ዘመን

ልጆቻችን የተወለዱት መሬት ተከፋፍሎ ካለቀ በኋላ ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት መሬት አይሸጥም አይለወጥም ብሏል፤ ይህ የአባትን ይዞታ ጠበቀ፣ ለልጁ ግን አዲስ መሬት አላመጣም። ተምሮ ሥራ ያላገኘ ወጣት «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን ተረት በዓይኑ ያየው ይመስለዋል። ከሹመት የራቀው ደግሞ ዓይኑን ወደ ባሕር ማዶ ይጥላል።

የባሕር ማዶውንም ነገር እናውቀዋለን። ከኅዳር 2006 ዓ.ም. ጀምሮ በጥቂት ወራት ውስጥ ወደ 160 ሺህ የሚጠጉ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ተመለሱ። ነሐሴ 2015 ዓ.ም. የወጣ የሂዩማን ራይትስ ዎች ዘገባ በየመንና በሳዑዲ ድንበር በመቶዎች የሚቆጠሩ ወገኖቻችን መገደላቸውን ገልጿል። እንዲህም ሆኖ ልጁ የሚያስበው በሪያል ነው። ለምን ቢባል፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ ከ57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። በዚያ ላይ ከ2013 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ጦርነት ቆቦን ደጋግሞ መታት። ይህን ያየ ወጣት በቆመበት መሬት ላይ እምነት ቢያጣ አይገርምም።

ሸሪዓችን ምን ይለናል?

ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ አያት ከብት ይላሉ፣ አባት መሬትና እህል ይላል፣ ልጅ ገንዘብ ይላል። ኢስላም ሦስቱንም ሀብት ብሎ ተቀብሏል፣ በሦስቱም ላይ የድሃን ሐቅ አስቀምጧል። በግጦሽ የሚያድሩ ከብቶች 30 ሲሞሉ አንድ የዓመት ጥጃ ይወጣል። ኒሷብ የሞላ እህል በዝናብ ወይም ከተራራ በሚወርድ ጎርፍ ከበቀለ አንድ አሥረኛው ይወጣል፤ ዛሬ በቆቦ ሜዳ እንደምናየው በሞተር በወጣ የጉድጓድ ውሃ ከለማ ደግሞ የዚያ ግማሽ ነው። ኒሷብ የሞላና ዓመት የዞረበት ገንዘብ ከመቶ ሁለት ተኩል ይወጣለታል። ሀብቱ መልኩን ቢለውጥም አማናነቱ አይለወጥም።

ሥልጣንም እንዲሁ አማና ነው። ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ.) በ18ኛው ዓመተ ሂጅራ ረሀብ በገባ ጊዜ ከሌሎች አገሮች እህል አስመጡ፤ ሕዝቡ እስኪጠግብ ድረስም ራሳቸውን ከቅቤና ከሥጋ ከለከሉ። አያት «ንጉሥ አይከሰስም» ሲሉ፣ ልጅም «ሥልጣን መብላት ነው» ሲል ይህ ታሪክ ሁለቱንም ያርማል።

ታዲያ ስለ በሬው ምን እናድርግ? እኛ የምንለው ሹራ ይደረግ ነው። ጎርፉን በተራ የሚያከፋፍሉ ሽማግሌዎች ያሉት፣ ደም የሚያደርቁ አበጋሮች ያሉት የራያ ሕዝብ ተማክሮ መወሰን አይከብደውም። አያት የ1966ቱን ይንገሩ፤ ያለ ጥሪት የቀረ ቤት እንዴት እንደሚፈርስ ልጁ ይስማ። አባት የ1977ቱን ይናገር፤ ዝምታው ከየት እንደመጣ ልጁ ይወቅ። ልጁም በተራው ይደመጥ፤ ቁራሽ መሬት ለአራት ወንድማማች እንደማይበቃ ሒሳቡን ያሳይ። «ዝም በል» ተብሎ የወጣ ልጅ ከደላላ ጋር ሌሊት ይሄዳል፤ ተደምጦ የቀረ ልጅ ግን በዚያው በሬ ዋጋ ከጎረቤት ጋር ለውሃ ሞተር መዋጮ ያስብ ይሆናል። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ እንደ ዘምዘምና ሂጅራ ያሉ ከወለድ ነፃ ባንኮች ሥራ ጀምረዋልና በሐላል የመነገጃውን መንገድ አብረው ይጠይቁ።

አላህ (ሱ.ወ.) ሽማግሌዎቻችንን ያቆይልን፣ ልጆቻችንን ከበረሃና ከባሕር ይጠብቅልን፣ ለአገራችን ሰላሙን ያውርድልን። አሚን።