ዱላውን ተደግፎ የቆመ ሰው

ደጅ የሚነሳ ፎቶ የስቱዲዮ ምትክ ነው የሚሉ የሙያ ባልደረቦች አሉኝ። እኔ አይዋጥልኝም፤ በዕድሜ ደጁ ይበልጣል። የድሮ የስኮትላንድ ጎልፍ ተጫዋቾችን ፎቶ ያየ ይህን አይስተውም።

ፈልሳፊው ታልቦት ካሎታይፕ የተባለውን የወረቀት ፎቶ እ.ኤ.አ. በ1841 በባለቤትነት ሲያስመዘግብ፣ መብቱ እንግሊዝን እንጂ ስኮትላንድን አልያዘም። ወዳጁ ዴቪድ ብሩስተር ደግሞ በጎልፍ ከተማዋ በሴንት አንድሩስ የኮሌጅ ኃላፊ ነበር። ጥበቡ በእሱ በኩል ለሐኪሙ ጆን አዳምሰን፣ ከዚያም ለታናሽ ወንድሙ ለሮበርት ደረሰ። ሮበርት በ1843 ኤድንብራ ካልተን ኮረብታ ላይ ሥራ ጀመረ፤ ከሠዓሊው ዴቪድ ኦክታቪየስ ሂል ጋርም ተጣመረ።

ወረቀቱ ብርሃን የሚቀበለው በዝግታ ስለነበር ያለ ፀሐይ ሥራ የለም። ስለዚህ ወንበሩን፣ መጋረጃውንና መጻሕፍቱን ወደ ደጅ አውጥተው ሳሎን አስመሰሉት። ተነሺው ለረጅም ጊዜ መነቃነቅ ስለማይችል እጁን ወይም ራሱን የሚያሳርፍበት ነገር ይፈልጋል።

ጎልፍ ተጫዋች እዚህ ላይ ዕድለኛ ነው፤ መደገፊያውን ይዞት ይመጣል። ዱላውን መሬት ላይ ተክሎ ክብደቱን ሲጥልበት ትከሻው ይረግባል፣ እጁም የት ልግባ አይልም። ዛሬ ካሜራዬ በሺህኛ ሰከንድ ቢያነሳም ተጫዋቹን መጀመሪያ የማቆመው እንደዚሁ ነው። ዱላ ሲወዘውዝ የሚነሳው ፎቶ ጨዋታውን ያሳየኛል፤ ሰውዬውን ግን አያሳየኝም። የአዲስ አበባ የቀትር ፀሐይ ደግሞ በቆቡ ጥላ ዓይኑን ይውጠዋል። ጀርባውን ለፀሐይ አሰጥቼ ከፊቱ ዝቅ አድርጌ ነጭ ጨርቅ እዘረጋለሁ፤ ከጨርቁ የሚመለሰው ብርሃን ከቆቡ ሥር ይገባል።

ወደ ድሮው ስመለስ፣ ሠዓሊው ቻርልስ ሊስ በ1847 «ጎልፍ ተጫዋቾቹ» የተባለውን ትልቅ ሥዕሉን ሲያቀናብር ሂልና አዳምሰን ያነሱትን ፎቶ ተጠቅሟል። ሮበርት በ1848 ገና በ26 ዓመቱ ሞተ።

ከዚያ በመስታወት ላይ የሚነሳ ፈጣን ፎቶ መጣ። የዶክተር አዳምሰን ደቀ መዝሙር ቶማስ ሮጀር በ1866 ሴንት አንድሩስ ውስጥ ለፎቶ ብሎ ያሠራውን ስቱዲዮ ከፈተ፤ ሣር የለመደው ተጫዋች ምንጣፍ ላይ ቆመ። ከ1868 እስከ 1870 የጎልፍ ሻምፒዮናውን ሦስቴ ተከታትሎ አሸንፎ የሽልማት ቀበቶውን ለራሱ ያስቀረው ወጣቱ ቶም ሞሪስ፣ ቀበቶውን ታጥቆ የተነሳው ፎቶ ዝነኛ ነው። ጌጡ አንድ በአንድ ይቆጠራል። እኔ ግን ነፋሱን እፈልጋለሁ፤ በ24 ዓመቱ የተቀጨውን ልጅ በሚያውቀው ሜዳ ላይ ባየው እመርጥ ነበር። እስከ 1908 የኖረው አባቱ በዚህ ይበልጠዋል፤ በሽምግልናው ደጅ የተነሳቸው ፎቶዎች ብዙ ናቸው፣ ጺሙም እንደ ነጩ ጨርቄ ብርሃኑን ወደ ፊቱ ይመልስለታል።